ሃይማኖት ያጸናል ወይስ ይለውጣል? ዱርክሃይምን ወሎ ላይ ሆኜ ሳነበው አልገጥም አለኝ

የሐይቅ_ዳር (ክሩን የከፈተው)፦

ሰላም የመድረኩ ሰዎች እንዴት ናችሁ። እኔ ሐይቅ ነው የምኖረው፣ ቀን አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሶሲዮሎጂ በኤክስቴንሽን እማራለሁ። በዚህ ሴሚስተር የሃይማኖት ሶሲዮሎጂ የሚባል ኮርስ አለን፣ የተሰጠን አሳይመንት ሃይማኖት ማኅበረሰብን አጽንቶ የሚያቆም ነው ወይስ የሚለውጥ የሚል ነው። የእነ ዱርክሃይምን የእነ ማርክስን የእነ ዌበርን ሐሳብ አንብቤዋለሁ፣ ለፈተና ቢሆን እጽፈው ነበር። ያስቸገረኝ እኛ መንደር ላይ ሳስቀምጠው አልገጥም ማለቱ ነው።

ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዱርክሃይም በ1912 (በፈረንጅ ነው፣ የውጪውን ሁሉ እንደዚያው ነው የምጽፈው) ባሳተመው መጽሐፍ የአውስትራሊያን ነባር ሕዝቦች ይዞ ነው የሚነሳው። እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ምልክት አለው፣ እንስሳ ወይ ተክል ነው፣ ያን ምልክት እንደ ቅዱስ ነገር ነው የሚያየው፣ ግን ምልክቱ የጎሳው መለያ ስለሆነ ሰዎቹ እሱን ሲያከብሩ በእርግጥ የሚያከብሩት የራሳቸውን አንድነት ነው ይላል። ተበታትነው ሲያድኑ ሲለቅሙ ከርመው ለሥርዓቱ ሲሰበሰቡ ለብቻው የሆነ ሰው የማይሰማው አንድ ግለት ይነሳል፣ ሰውን ከሰው የሚያስረውም እሱ ነው። ይሄን ሳነብ መስከረም 21 ግሸን ነው የታየኝ። ያን ገደል በእግሩ ወጥቶ እዚያው ብርድ ላይ የሚያድረውን ሕዝብ ያየ ሰው ዱርክሃይም ምን ለማለት እንደፈለገ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ ሄዶ መንዙማው ሲደምቅ ያደረም እንደዚያው።

ግን ግሸን የወጣውና ጀማ ንጉሥ ያደረው ሰው እኮ ጎረቤታሞች ናቸው፣ አንድ አጥር ነው የሚለያቸው። ሃይማኖት ማሰሪያ ከሆነ እኛ ጋ ሁለት ማሰሪያ ነው ያለው፣ እያንዳንዱም የራሱን ወገን ነው የሚያስረው፣ ታዲያ ሁለቱን ወገን እርስ በርስ ያሰራቸው ምንድነው?

እኔ የሚታየኝ ቅሬ ነው (ሌላ አገር ያላችሁ እድር የምትሉት)። የእኛ መንደር ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ነው የተጻፈው። ድንኳኑ አንድ፣ ቃሬዛው አንድ፣ መዋጮው እኩል፣ ሁለት የሆነው ድስቱ ብቻ ነው፣ እርዱ ስለሚለያይ። አባቴ ያረፈ ጊዜ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጪ ቆመው ጠበቁን፣ ከቀብር መልስም እኩል ተቀመጡ። የቅሬን ትእዛዝ የጣሰ ሰው ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ቅሬ ይወጣል፣ እሳት አይጫርለትም፣ ቡና አይጠራም፣ ሰው ቢሞትበት ደራሽ የለውም። ይሄ ቅጣት ላይ ቄሱም ሼኹም አንድ ቃል ናቸው። እና ጥያቄዬ፣ እኛን ያቆመን ሃይማኖት ነው ወይስ ሃይማኖት ብቻውን ስላልቻለው ሰው በጎን የሠራው ነገር ነው? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ የምታውቁትን ጻፉልኝ።


ኮምቦልቻ_በር፦

ወንድሜ ጥያቄህ ደስ ይላል። እኛ ቤት አያቴ ሐጂ ናቸው የእናቴ ወንድም ደግሞ ቄስ ነው፣ ፋሲካም ኢድም ሲመጣ ቤቱ ሙሉ ነው። ጎረቤትህን አክብር ያለን ራሱ ሃይማኖታችን ነው፣ ስለዚህ እኔ ያጸናል ባይ ነኝ። ወሎ እኮ ድሮም እንዲህ ነው።


ቦሩ_ሜዳ፦

"ድሮም እንዲህ ነው" የሚለው ላይ ነው የማልስማማው፣ ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ። ይሄን የመድረክ ስም ያወጣሁት በምክንያት ነው። ከደሴ ብዙም የማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም አጼ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው ነበር፣ ምኒልክም እዚያው ነበሩ። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ክርክር ጨረሱት፣ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው ወገን ተረታ፣ ተዋሕዶ ጸና። ቀጥሎ የወሎ ሙስሊም ሁሉ ይጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ክርስትና ያነሷቸው ዮሐንስ ናቸው፣ ኢማም አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ፣ እሳቸውን ደግሞ ምኒልክ አነሷቸው። ባላባቱ እንዲህ ሆነ፣ ገበሬው ግን ወይ ተሰደደ ወይ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ኖረ፣ እነ ሼህ ጦልሃ ደግሞ ጦር አንስተው ተዋጉ።

እንግዲህ የዱርክሃይምን ሐሳብ ከዚህ ጋር አስቀምጡት። አንድ እምነት ካለ አገር ይጸናል የሚለውን ንጉሡ ዱርክሃይም ከመጻፉ በፊት በአዋጅ ሞክረውታል። ወሎ ላይ ያመጣው ግን መጽናትን አይደለም፣ ቤት ውስጥ ሁለት ስም ያለው ሰው ነው ያመጣው። ብዙዎቻችን የአያት ቅድመ አያት ስም ስንቆጥር አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን የሚሆነው በፍቅር ጋብቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በግድ የተቀየረም አለበት። በእኛ ቤት አለ።

ከዚያ ወዲህም አላለቀም። የእኒያው ሚካኤል ተብለው የተጠመቁት ኢማም ልጅ የሆኑት አቤቶ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከዙፋን ሲወርዱ የቀረበባቸው ክስ ሰልመዋል የሚል ነው፣ ጳጳሱ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። በወሩ ጥቅምት 17 አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፣ ስንት የወሎ ሰው ነው እዚያ ሜዳ የቀረው። ሃይማኖት ዙፋንን እንዴት እንደሚያጸናም እንዴት እንደሚያወርድም ለማወቅ እኛ ሩቅ መሄድ የለብንም። አሁን አብረን የምንኖርበትን ቅሬ የሠሩት ይሄ ሁሉ ያለፈበት ሕዝብ ልጆች ናቸው። ድሮም እንዲህ ነው ስንል ያሳለፉትን ነገር ከታሪካቸው እንሰርዝባቸዋለን፣ እኔን የሚያመኝ እሱ ነው።


ኮምቦልቻ_በር፦

እውነትህን ነው። የአያቴ አባት ለምን ሁለት ስም እንዳላቸው ጠይቄ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ማታ እደውላለሁ።


ዲያቆን_ከላስታ፦

ቦሩ ሜዳ ያለውን አልክድም ግን ቤተ ክርስቲያንን የንጉሥ እጅ ብቻ አድርጎ መጻፍም ልክ አይደለም። በዚያው በእኛ አገር፣ ያኔ ቤተ አምሐራ በሚባለው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጼ አምደ ጽዮንን በጋብቻቸው ምክንያት ፊት ለፊት የገሠጹ መነኮሳት ነበሩ። አቡነ በጸሎተ ሚካኤል አንዱ ናቸው፣ ተገረፉ ተሰደዱ ግን ቃላቸውን አልመለሱም። ሐይቅ እስጢፋኖስን ደግሞ ክሩን የከፈተው ወንድማችን መስኮቱን ከፍቶ ያየዋል፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው ወጥተው አገር ያስተማሩት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ያ ገዳም በሥርወ መንግሥቱ ለውጥ ጊዜ ከይኩኖ አምላክ ጋር ስሙ ይነሳል። ስለዚህ አንድ ቤት ነው፣ ንጉሥ ያነግሣል ንጉሥም ይገሥጻል። የትኛው ጊዜ የትኛውን እንደሚያደርግ ነው መጠየቅ ያለበት እንጂ ያጸናል ወይስ ይለውጣል ብሎ አንዱን ምረጥ ማለት አይመስለኝም።


የወረባቦ_ልጅ፦

እኔ ስለ ማርክስ ልጽፍ ነው የገባሁት፣ ስለሱ ማንም አልነካምና። ሁሉም ሰው ሃይማኖት የሕዝብ ኦፒየም ነው አለ ይላል፣ ከዚያ ክርክሩ ይዘጋል። ግን እዚያው ቦታ ላይ፣ በ1844 የታተመው ጽሑፍ ነው፣ ከኦፒየሙ በፊት የተጨቆነ ፍጡር የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው፣ ልብ የሌለው ዓለም ልብ ነው ይላል። ያን ጊዜ ኦፒየም ደግሞ ፋርማሲ የሚሸጥ የሕመም ማስታገሻ ነበር። ሰደበው ብቻ አይባልም፣ ሕመም እንዳለ አይቷል።

ይሄን ያነበብኩ ቀን አያቴ ናት የመጣችብኝ። በ65 ድርቁ ጊዜ እሷ የልጆች እናት ናት። ሴቶቹ ተሰብስበው ወዳጃ ያደርጋሉ፣ ቡናው ተፈልቶ ዕጣኑ ተጭሶ አንዷ ትልቅ ሴት ዱዓ ታደርጋለች ሌሎቹ አሚን አሚን ይላሉ፣ ዝናብ አውርድልን ይላሉ፣ ክርስቲያኖቹም ሴቶች ይመጣሉ፣ በነሱ ወገን ደግሞ ምሕላ ይዘዋል። ዝናቡ አልመጣም። በዚያው ዓመት ግን ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል እየተጫነ ይወጣ ነበር፣ ይሄን ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በፈረንጅ 1981 ጽፎታል፣ የኛ ሰው የሞተው አገሩ ውስጥ እህል ስላልነበረ ብቻ ሳይሆን የሚገዛበት ስላልነበረው ነው። ጭሰኛው ደግሞ ለባላባቱ እጅ መንሻውን ከፍሎ ነው የተራበው።

ወዳጃው ላይ ይሄ ይነሳ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "ምን ይነሳል ልጄ፣ የአላህ ቁጣ ነው አልን እንጂ" አለችኝ። ማርክስ ትክክል ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቆይታ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ፣ ለወዳጃው የሚመጣው ቡና ቁርስ ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ነው፣ ማን ቤት ምንም እንደሌለ የሚታወቀው እዚያ ነው፣ ባዶ እጇን የመጣችዋ ትታወቃለች፣ እና ሲበተኑ ማንም ምንም ሳይናገር እፍኝ ሽምብራ ወይ እፍኝ ማሽላ መቀነቷ ላይ ይቋጠርላታል። እሷ ራሷ በዚያ እፍኝ ነው ልጆቿን ያቆየችው፣ አንደኛዋ እናቴ ናት። አሁን ይሄን ኦፒየም ልበለው? ባላባቱን አልነካውም፣ ልክ ነው። እናቴን ግን አትርፏታል። ለውጥና መጽናት ብለን ስንከፍለው የዚህ ቦታው የት ነው፣ እስካሁን አላገኘሁትም።


የሐይቅ_ዳር፦

እህቴ ይሄን ጽሑፍሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አላህ አያትሽን ይጠብቅልሽ።


ጦሳ_ሥር፦

ልጆች እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ አስተያየቶቹን ሁሉ አንብቤያለሁ። ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ክሩን የከፈትከው ልጄ ያነሳኸውን ተቃውሞ አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሮበርት መርተን በ1949 አንስቶታል። አንድ ሃይማኖት ካለው ትንሽ ማኅበረሰብ የተገኘውን ድምዳሜ ብዙ ሃይማኖት ወዳለበት አገር ዝም ብሎ ማዛወር አይቻልም፣ እዚያ ሃይማኖት ሊለያይም ይችላል ነው ያለው። ስለዚህ ለአሳይመንትህ ወሎን ይዘህ መርተን ጋ ሂድ፣ ከዚያ ቅሬህን አምጣና መርተን ያልጻፈውን አንተ ጻፍ።

የዌበርን ሐሳብ ማንም አላብራራውም። በ1904 እና 1905 የጻፈው ካልቪኒስቶች (ከፕሮቴስታንቶች አንዱ ወገን ናቸው) ማን ይድናል ማን ይጠፋል የሚለው አስቀድሞ ተወስኗል ብለው ስለሚያምኑ ጭንቀት ላይ ነበሩ፣ የተመረጥኩ መሆኔን በምን አውቃለሁ ሲሉ ጠንክሮ መሥራትንና ያገኙትን አለማባከንን እንደ ምልክት ያዙት፣ ሳያስቡት ካፒታል ተከማቸ ነው። ዋናው ነገር ማንም ኢኮኖሚ ልለውጥ ብሎ አልተነሳም፣ ስለ ነፍሱ ነበር የሚጨነቀው። የእኛንም እንደዚህ እዩት። በጀማ ንጉሥና በሌሎች ሐሪማዎች (የሼኾች የትምህርትና የዱዓ ቦታዎች) የነበሩ ሼኾች ሴቱም ወንዱም እንዲገባው ብለው መንዙማን በአማርኛ በአጀም፣ ማለትም በዐረብ ፊደል ጻፉ፣ ያሰቡት ሃይማኖትን ማስተማር ነው። የወጣው ግን እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቋንቋ የሚሰማው ግጥም ነው፣ ቦሩ ሜዳ የጠቀሳቸው ሼህ ጦልሃ ራሳቸው በአማርኛ አጀም የገጠሙ ሰው ናቸው።

ሌላው፣ ቤተ እምነት የተደራጀ ቦታ መሆኑን አትርሱ። ደሃ ሰው አዳራሽ የለው ስልክ የለው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ ግን አለው። አሜሪካ ሞንትጎመሪ አላባማ ጥቁሮቹ የዘር መድልዎን ተቃውመው 381 ቀን አውቶቡስ ሳይሳፈሩ የቆዩት በየቤተ ክርስቲያኑ እየተሰበሰቡ ነው፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ያኔ ገና 26 ዓመቱ ነው። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ሊቀ ጳጳስ ሮሜሮ ለደሃው ሲናገሩ ኖረው በፈረንጅ መጋቢት 1980 ቅዳሴ ላይ እያሉ በጥይት ተገደሉ፣ የእሳቸውም ቤተ ክርስቲያን የባለመሬቶቹ ወዳጅ ስትባል የኖረች ናት። በአገራችን ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጣ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። ያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 አንዷን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነው የጻፈው። አዲሱ ዓመት እንደገባ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡም ከዙፋን ወረዱ፣ ቀጥሎ ዒድ በብሔራዊ በዓልነት ታወጀ። እኔ ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፣ ደሴ ላይ ሬድዮኑ ሲናገር ጎረቤታችን የነበሩ ሰውዬ ማልቀሳቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።


ደሴ_ፒያሳ፦

አሰላሙ አለይኩም። መምህር ከእርስዎ ብዙ ተምሬያለሁ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት። እኔ ግን ሌላ ወገን ልናገር ነው፣ እባካችሁ በቅንነት አንብቡልኝ።

እዚህ ክር ላይ ወዳጃ ሲነሳ ሁላችሁም በናፍቆት ነው የምትጽፉት። እኔ ወዳጃ አልገባም። ቁርአንን ትርጉሙን ተምሬያለሁ፣ ከተማርኩት ጋር የማይሄድ ነገር ወዳጃው ላይ አለ ብዬ አምናለሁ፣ ጫቱም ዕጣኑም ከአውልያ መለመኑም። ለዚህ ባህላችንን ሊያጠፋ የመጣ ተባልኩ፣ ከውጪ የመጣ ሐሳብ ነው ተባልኩ። ግን እናንተው የጠቀሳችሁት ዌበር የሚለው ይሄንን አይደለም እንዴ፣ ሰው ስለ ነፍሱ ሲጨነቅ ኑሮውን ይለውጣል። እኛ መስጊድ እናቶች በ50 ዓመታቸው ፊደል ቆጥረው ማንበብ ጀምረዋል። እናቴ አንዷ ናት። በፊት ሼኹ ያሏትን ብቻ ነበር የምትሰማው አሁን ራሷ ገልጣ ትጠይቃለች። ይሄም ከሃይማኖት የመጣ ለውጥ ነው፣ መልካም ለውጥ ነው ብዬም አምናለሁ፣ የክርስቲያን ጎረቤቶቼን ደግሞ አንድም ቀን አልተቀየምኩም።


የወረባቦ_ልጅ፦

ወንድሜ በቅንነት ነው ያነበብኩት። ስለ እናትህ የጻፍከው ደስ ብሎኛል፣ የኔ አያት ማንበብ ሳትችል ነው የኖረችው፣ ብትችል ኖሮ እላለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ወዳጃው ሲቀር እዚያ ላይ የሚታወቀው ነገር፣ ባዶ እጇን የመጣችዋ ሴት፣ አሁን የት ነው የምትታወቀው? መስጊድ የሙስሊሟን ያውቅ ይሆናል፣ ሰንበቴው የክርስቲያኗን ያውቅ ይሆናል። እኔ የምፈራው ሁለቱ የሚገናኙበት ቤት ሲያንስ ነው። ክርስቲያኑም ጋ እኮ እንዲሁ ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ወጣት አያቱ ወዳጃ መሄዷን ሲያወግዝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።


ደሴ_ፒያሳ፦

መልስ የለኝም፣ እውነቴን ነው። ቅሬ ላይ ግን አለሁ፣ መዋጮዬን በወር በወሩ ነው የምከፍለው፣ ቀብርም አልቀርም።


ዲያቆን_ከላስታ፦

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የእህታችንን ጥያቄ ለልጆቹ ወስጄዋለሁ፣ እሁድ እናወራበታለን።


ቦሩ_ሜዳ፦

አባጋርን ማንም አላነሳም። በሰሜን ወሎ ደም የተፋሰሰ ሰው ሲታረቅ አባጋሮቹ ናቸው የሚያስታርቁት፣ ሙስሊም ናቸው፣ በዘር የወረዱ ናቸው፣ ግን ክርስቲያኑም ፊታቸው ቀርቦ ይምላል፣ ምክንያቱም እርግማናቸውን ይፈራል። ዱርክሃይም ቅዱስ ያለው ነገር እዚህ የአንድ ሃይማኖት ንብረት አይደለም። ለአሳይመንትህ ይሄንን አስገባ ወንድሜ፣ ማንም ከአዋጅ ያላመጣው ስለሆነ ነው ደስ የሚለኝ።


የሐይቅ_ዳር፦

ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፣ መዘግየቴን ይቅር በሉኝ፣ ባለፈው እሁድ የመንደራችን ቅሬ ስብሰባ ስለነበረ ያን አይቼ ልጻፍ ብዬ ነው።

ስብሰባው የተጠራው በአንድ ጉዳይ ነው። ከዓመት በፊት ወደ ጴንጤ የሄደ አንድ ቤተሰብ አለ፣ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው። መዋጮ ይከፍላሉ። ለቅሶ ላይ ግን ሙሾ አይሉም፣ ተዝካር አይበሉም፣ ባለፈው ወር የሰውየው እናት ስታርፍ ደግሞ በመዝሙር እንቀብራለን አሉ፣ እሷ ግን ኦርቶዶክስ ሆና ነው የሞተችው፣ እና ቀብሩ ላይ ክፉ ንግግር ነበረ። አንዳንዱ ቅሬ ይውጡ አለ። ከባድ ስብሰባ ነበር፣ አምስት ሰዓት ፈጅቷል፣ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ሊበተን ሲል በሽማግሌ ልመና ቀጥሏል።

በጣም የገረመኝ ለቤተሰቡ የቆሙት ማን መሆናቸው ነው። አንድ ሼኽ ናቸው፣ እኛ መንደር ትልቅ ሰው ናቸው፣ ተነሥተው "የእኛ አባቶች ሰው በሃይማኖቱ ከቤቱ ሲወጣ ምን እንደሚመስል አይተውታል፣ በእኔ ዕድሜ በዚህ ቅሬ አታሳዩኝ" አሉ። ቦሩ ሜዳ ብለው አልጠሩትም ግን ሁሉም ገብቶታል፣ ቤቱ ጸጥ አለ። ቄሱ ተዝካርና ፍትሐት የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው፣ ድንኳንና ቃሬዛ የቅሬ ነው፣ ሁለቱን አታደባልቁብኝ አሉ፣ ስለ ክፉ ንግግሩ ግን ሰውየው ካሳ ይክፈል አሉ። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሳውን ግን አልከፍልም አለ፣ ያልሠራሁትን ነው አለ። እዚያ ላይ ቆመ።

መርተንን አንብቤዋለሁ መምህር፣ አመሰግናለሁ። አሳይመንቱን ግን እንደገና ከመጀመሪያው ነው የምጽፈው፣ ያጸናል ይለውጣል የሚለውን ሳይሆን ከዚህ ስብሰባ ነው የምነሳው። የሰውየውን እናት ቀብር ያዩ ሰዎችን አናግሬ ማን ምን እንዳለ መዝግቤያለሁ። የቅሬው ዳኛ ነገሩን ለመጪው ወር ቀጥረውታል።


የወረባቦ_ልጅ፦

ሚስትየዋ ተናግራለች? ሴቶቹስ ምን አሉ?


የሐይቅ_ዳር፦

አልተናገረችም፣ ሴቶቹ ስብሰባው ላይ አልነበሩም፣ ድስቱ ጋ ነበሩ። ልክ ነሽ፣ ለመጪው ወር ከመድረሱ በፊት እነሱን አናግራለሁ።